ታዋቂ ሰው ሲሞት በሰፈራችን እንዴት እናስበው? ከደብረ ማርቆስ የግል ተሞክሮ

የድምፃዊ ሙሉቀን መለሰ ሞት እኛ ጋ የደረሰው በስልክ ጥሪ ነው። ሚያዝያ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ሲያርፍ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተዘጋ ወራት ተቆጥረው ነበር። ፌስቡክ የለ፣ ቴሌግራም የለ። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ለአንዱ ይደውላል፤ እሱ ለጎረቤቱ ይነግራል። ወዲያው ደብረ ማርቆስ ላይ ከሻይ ቤቱም ከጸጉር ቤቱም የሚሰማው የሙሉቀን ድምፅ ሆነ። ሰው ትውልዱ ከጎጃም መሆኑን እያነሳ፣ ገና በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መሄዱን እያወራ፣ የራሱን ቤተሰብ ሰው እንዳጣ ያዝን ነበር።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ነኝ። የሚኒ ሚዲያ ክበቡንም አስተባብራለሁ። ባለፉት ዓመታት የሞቱ ድምፃውያንንና ስፖርተኞችን ከተማሪዎቼ ጋር፣ አንዳንዴም ከሰፈሩ ሰው ጋር ሆነን ስናስብ ቆይተናል። ሌሎች መምህራንና የወጣት ክበብ ልጆች እንዴት እንደምናደርገው ስለሚጠይቁኝ ነው ይህን የምጽፈው። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ለማንበብ ብላችሁ አትሰብሰቡ። እሱን ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ያገኘዋል። ሟቹ በእናንተ ሰፈር ሰዎች ሕይወት ውስጥ የት ቦታ እንደነበረው ለመስማት ተሰብሰቡ።

ሙሉቀንን ስናስብ ይሄ በደንብ ታየኝ። ተማሪዎቹ ያዘጋጁት ጽሑፍ ጥሩ ነበር። መቼ መዝፈን እንደጀመረ፣ ከየትኞቹ ባንዶች ጋር እንደሠራ፣ ሁሉም አለበት። ልጁ ሲያነብ ሰው በጨዋነት ያዳምጣል፤ ግን ፊቱ ላይ ምንም የለም። ከዚያ አንድ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ተነሡ። "ሄደች አሉ" የሚለውን ዘፈን አባይ በረሃ ላይ ስንት ሌሊት እንደሰሙት መናገር ጀመሩ። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርደው፣ ድልድዩን ተሻግረው፣ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲወጡ መኪናው በአንደኛ ማርሽ ያቃስታል። ረዳቱ እንቅልፍ ይጥለዋል። ካሴቱ ሲያልቅ እየገለበጡ፣ ቴፑ ሲጎትት በእስክሪብቶ እያጠነጠኑ፣ ዳገቱን የጨረሱት በእሱ ድምፅ እንደሆነ ነገሩን። "ያ ልጅ ባይኖር ስንቱ ሹፌር ገደል ይገባ ነበር!" አሉ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀና አለ። ተማሪዎቹ ካሴት በእስክሪብቶ እንዴት እንደሚጠነጠን ይጠይቁ ጀመር። ከዚያ በኋላ ማይኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አመሸ።

አንድ ከባድ ነገርም ገጠመን። ሙሉቀን ዘፈን ትቶ ወደ መዝሙር የገባ ሰው ነው። በወንጌላውያን እምነት ጸንቶ ነው የኖረው። ከተማሪዎቼ አንዷ የዚያው እምነት ተከታይ ናት፤ እጇን አወጣችና "መምህር፣ እሱ ራሱ የተወውን ዘፈን እኛ ለምን እናሰማለን?" አለች። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ሹፌሩ ደግሞ "ልጄ፣ እሱ ቢተወው እኛ መች ተውነው?" አሉ። እሳቸውም ልክ ናቸው። ተመካከርን፣ ሁለቱንም ለማሰማት ተስማማን። አስቀድመን ዘፈኑን አሰማን፤ ቀጥሎ ዘፈን ትቶ መዝሙር መምረጡን በግልጽ ተናግረን መዝሙሩን አስከተልን። የትኛው እንደሚበልጥ ማንም አስተያየት እንዳይሰጥ ቀድመን ተነጋግረን ነበር። ሟች የኖረው ዕድሜ ሁሉ የእሱ ነው። እኛ የወደድነውን ግማሽ ብቻ ቆርጠን ልንወስድበት አይገባም። እንዲህ ያለ ሁኔታ ከገጠማችሁ ይህን መንገድ ሞክሩት፤ ለእኛ ሠርቶልናል።

የእምነት ነገር ከተነሣ፣ የማጽናኛ ቃልም ይታሰብበት። ኦሮምኛን በዜማ ያነገሠው አሊ ቢራ በ2015 ዓ.ም. ሲሞት፣ ማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ የለጠፍነውን ጽሑፍ ያሳየነው መጀመሪያ ለሙስሊም ተማሪዎቻችን ነው። "አላህ ይርሐመው" የሚለውን የጻፉት እነሱ ናቸው። ለኦርቶዶክሱ "ነፍስ ይማር" እንላለን፤ ለሌላው ደግሞ የእምነቱን ሰው እንጠይቃለን። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ከሰው ልብ ትገባለች።

በዚያው የሙሉቀን ሰሞን ሌላ ተማሪ የጠየቀችኝን ጥያቄ እስካሁን አስበዋለሁ። "መምህር፣ የእኛ ሰው ሲሞት ማን ተሰብስቦ አሰበልን?" አለችኝ። ያ ዓመት ጎጃም ላይ እንዴት እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ብዙ ቤት ለቅሶ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ የማንም ታዋቂ ሰው መታሰቢያ ሲኖረን፣ ከሁሉ አስቀድመን ቆመን ከየቤታችን ያጣናቸውን በሕሊና ጸሎት እናስባለን። ስም አንጠራም። ማን፣ የት፣ በማን እጅ አንልም። ዝም ብለን እንቆማለን፣ ከዚያ እንቀመጣለን። ሐዘን ባለበት አካባቢ የምትኖሩ ሁሉ ይህን ሳታደርጉ ወደ ዝነኛው ሰው አትለፉ። ቤቷ ያለቀሰች ልጅ ለሩቅ ሰው እንድታዝን ከመጠየቋ በፊት፣ የራሷ ሐዘን ቦታ ማግኘት አለበት።

አሁን ስለ ወሬው። መጀመሪያ ሞቱን አረጋግጡ። በሕይወት ያለ አርቲስት "አረፈ" እየተባለ ስንቴ ተለጠፈ! ቤተሰቡ ምን እንደሚሆን አስቡት። እኛ ቤተሰቡ፣ የሙያ ማኅበሩ፣ ክለቡ ወይም ፌዴሬሽኑ ራሱ እስኪናገር ማይክ አንከፍትም። "ሰበር" ብሎ ለመቅደም የሚጣደፍ ተማሪ ሁልጊዜ አለ፤ ጉጉቱን እረዳለሁ። ግን በአንድ ቀን ብንዘገይ የሚጎዳ ሰው የለም። ብንሳሳት ግን ቤተሰብ ይጎዳል።

ስለ አሟሟት ደግሞ አታውሩ። የባሕር ዳር ከተማው አማካይ አለልኝ አዘነ በ2016 ዓ.ም. ሲሞት ብዙ ነገር ተወራ። ልጆቹ ወደ ክበባችን የመጡትም ያንን ወሬ ይዘው ነው። ሜዳ ላይ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ አልኳቸው። ባሕር ዳር ሄዶ ሲጫወት ያየው አንድ ተማሪ ነበረን። ኳስ እንዴት እንደሚቀበል፣ ቀና ብሎ እንዴት እንደሚያቀብል ነገረን። ያ በቂ ነበር። የቀረው የቤተሰብና የሕግ ጉዳይ ነው። የሬሳና የአደጋ ቦታ ፎቶም እንዲሁ፤ ማንም ቢልክላችሁ አታሳዩ፣ አታስተላልፉ።

ወጣት ተማሪ ሟቹን የማያውቀው ከሆነ ከሚያውቀው ነገር ጀምሩ። ዓለማየሁ እሸቴ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፍ ክረምት ነበር፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ትምህርት ሲከፈት በረፍት ሰዓት "ተማር ልጄ"ን በግቢው ስፒከር ለቀቅነው። ግቢው ሁሉ አብሮ ዘፈነ። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የሚያውቁት ዘፈን ነው፤ የዘፈነው ሰው ማን እንደሆነ ግን አብዛኞቹ አያውቁም ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ አንዷ ተማሪ ማይክ ይዛ "አሁን የሰማችሁት ሰው ባለፈው ነሐሴ በ80 ዓመቱ አርፏል" አለች። ግቢው ጸጥ አለ። ስሙን የማያውቁት ሰው እንደሞተባቸው የገባቸው ያኔ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሌሎች ዘፈኖቹን ይጠይቁን ነበር። ስሙን አስቀድመን ብንጠራ ኖሮ ማንም ጆሮ አይሰጠንም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለስፖርተኛ ንግግር አይበቃውም። እግር ይፈልጋል። የስፖርት መምህራችን ምሩጽ ይፍጠርን በሙት ዓመቱ ታኅሣሥ 13 ማሰብ ፈለገ። ምሩጽ ያረፈው በ2009 ዓ.ም. ካናዳ፣ ቶሮንቶ ነው። የዛሬ ልጆች "ማርሽ ቀያሪው" የሚለውን ቅጽል ሰምተውት ይሆናል፤ ለምን እንደተባለ ግን አያውቁም። መምህሩ ሜዳ አወጣቸው። በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ የሆነውን እዚያው ሜዳው ላይ ቆሞ ነገራቸው። ሐምሌ 20 ቀን የ10,000 ሜትር፣ ሐምሌ 25 ቀን የ5,000 ሜትር ወርቅ። ከዚያ በፊት በሞንትሪያል ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች ስላልተሳተፉ እሱም ሳይሮጥ መቅረቱን፣ አራት ዓመት ሙሉ መጠበቁን ጨመረላቸው። ምሩጽ 10,000ው ሊያልቅ 300 ሜትር ገደማ ሲቀረው ነው አፈትልኮ የወጣው። መምህሩ እዚያ ቦታ ላይ ኖራ አፈሰሰ። "አሁን ዙሩን በቀስታ ሩጡ፤ ኖራው ጋ ስትደርሱ ያላችሁን ሁሉ አውጡ" አላቸው።

ሮጡ። ብዙዎቹ ከኖራው በኋላ ጥቂት ሄደው እግራቸው ከዳቸው። ሣሩ ላይ ወድቀው ሲያለከልኩ መምህሩ "እሱ ይህን ያደረገው 9,700 ሜትር ከሮጠ በኋላ ነው" አላቸው። የዚያን ዕለት የገባቸው ነገር በንግግር የሚገባ አይደለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ የምሩጽን ድል በሬዲዮ ሰምቶ ሩጫ እንደተመኘ የነገርኳቸውም ያኔ ነው፤ ላባቸው ሳይደርቅ። ኬንያዊው ኬልቪን ኪፕተም በ24 ዓመቱ ከአሠልጣኙ ጋር በመኪና አደጋ ሲሞትም እነዚሁ ልጆች ናቸው በራሳቸው ተነሣሥተው "ሜዳ እንውጣ" ያሉት። ማራቶንን በ2፡00፡35 የጨረሰ ሰው ነው። ባላንጣችን አገር ነው ብሎ ያፈገፈገ አንድም ልጅ አልነበረም፤ ኮራሁባቸው።

ከትምህርት ቤት ውጭ ያደረግነውን ደግሞ ልንገራችሁ። የሊቨርፑሉ ዲዮጎ ጆታ ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከወንድሙ አንድሬ ሲልቫ ጋር ስፔን ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተ። 28 ዓመቱ ነበር፤ ከተዳረ ሁለት ሳምንት አልሞላውም። እኛ ሰፈር ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የሊቨርፑል ደጋፊ ብዙ ነው፤ ባጃጅ የሚነዱት ልጆች በተለይ። አዲሱ የውድድር ዓመት ነሐሴ 9 ሲጀመር ሊቨርፑል ከበርንማውዝ ይጫወት ነበር። ከቤቱ ባለቤት ጋር ተነጋግረን፣ ከጨዋታው በፊት ሰው ቀደም ብሎ እንዲመጣ ለመንን። የማንቸስተርም የአርሰናልም ደጋፊ መጣ። እያንዳንዱ ከጆታ ጎሎች የማይረሳውን አወራ። አንድ የማንቸስተር ደጋፊ "በእኛ ላይ ሲያገባ ስሰድበው ነበር፤ ዛሬ ይቅር ይበለኝ" ብሎ ተቀመጠ። በ20ኛው ደቂቃ ስታዲየሙ ለ20 ቁጥሩ ሲዘምር እኛም ተነሥተን አጨበጨብን። ክለቡ ያንን ቁጥር ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይለብሰው ወስኗል።

ከሁሉ የማልረሳው ግን በር ላይ ቡና የሚያፈሉትን እናት ነው። ኳስ አያዩም። ጭብጨባውን ሰምተው ምን ሆናችሁ አሉን። ነገርናቸው። መጀመሪያ የጠየቁት "እናት አለችው?" ብለው ነው። አለችው አልናቸው። "ሁለቱም በአንድ ቀን?" አሉ። አዎ እትዬ፣ በአንድ ቀን። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያዙና በዝግታ እንዲህ አሉ፦

ምን ያለ መንገድ ነው ሁለት የሚበላ፣
አንዱን ቢተውላት ምን ነበር ለኋላ።

ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ አለቀሱ። ቴሌቪዥኑን ትተን እሳቸውን ከበብናቸው። ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያሉ ሙሾ አውራጅ እናቶች በየሰፈሩ አሉ። ተጫዋቹን ባያውቁት እናትነትን ያውቃሉ። መታሰቢያ ስታዘጋጁ አስቀድማችሁ ጥሯቸው፤ "ስለ ኳስ ምን ያውቃሉ" ብላችሁ አትለፏቸው። አስቀድማችሁ የሟቹን ታሪክ በአጭሩ ንገሯቸው፦ ስንት ዓመቱ ነበር፣ ማንን ትቶ ሄደ፣ ምን ሠራ። ግጥሙን ለእሳቸው ተዉት።

አሁን ስለ ቀረው ዝግጅት ባጭሩ። ጊዜው ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፤ በትምህርት ቤት የረፍት ሰዓት ከሆነ አንድ ዘፈንና አንድ ታሪክ ይበቃል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ድምፁን በፍላሽም በስልክም ያዙ፤ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ስፒከር ተውሳችሁ አስቀምጡ። ግድግዳ ላይ ሟቹ ሥራው ላይ ያለበትን ፎቶ ስቀሉ፤ ሯጩ ሲሮጥ፣ ዘፋኙ ሲዘፍን። ባለሥልጣን ንግግር እንዲያደርግ አትጥሩ፤ ጊዜውን ይበላዋል፤ ሰውም ይርቃል።

ቀን ስትጽፉ ተጠንቀቁ። የውጭ ዜና በፈረንጅ ቀን ነው የሚነግራችሁ። የካቲት 1 ብዙውን ጊዜ ፌብሩዋሪ 8 ላይ ይውላል፤ ከጳጉሜ 6 በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ፌብሩዋሪ 9 ይሆናል። ኪፕተም የሞተው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2024 ነው፤ 2015 ላይ ጳጉሜ 6 ስለነበረች በእኛ የካቲት 3 ቀን 2016 ይሆናል እንጂ የካቲት 4 አይደለም። ይህ ልዩነት ከመስከረም እስከ የካቲት 21 ድረስ ይቆያል። ሙት ዓመት ልታከብሩ ካሰባችሁ በአንድ ቀን እንዳትስቱ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። ዕድሜ ሲሰላም ልደቱንም ሞቱንም በአንድ አቆጣጠር አድርጋችሁ ቀንሱ።

በጣም የምለምናችሁ ነገር አንድ አለ። ትልልቆቹ ሲናገሩ በስልካችሁ ቅረጹ። ፈቃዳቸውን ጠይቁ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ አታቋርጧቸው። ጥያቄያችሁ "ስለ እሱ ምን ያውቃሉ?" ከሆነ "ምን አውቄ" ይሏችኋል። "መጀመሪያ ድምፁን የሰሙት የት ነው? ያኔ ከማን ጋር ነበሩ?" ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ ወንበር ይስባሉ። የሹፌሩን የአባይ በረሃ ታሪክ እኛ ቀርጸነዋል። የቀዳው ተማሪ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ፋይሉ ግን በክበቡ ኮምፒውተርና በሁለት ፍላሽ ላይ አለ። አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ።

በዚህ ዓመት የምናዘጋጀው የሉቺያኖ ቫሳሎን መታሰቢያ ነው። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣው ብሔራዊ ቡድናችን አምበል ነበር፤ መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. አርፏል። ያን ፍጻሜ ግብጽን 4 ለ 2 ያሸነፍነው በተጨማሪ ሰዓት ነው። ሉቺያኖም፣ ወንድሙ ኢታሎም፣ መንግሥቱ ወርቁም አግብተዋል። ቀኑ ጥር 13 ነበር፤ እኛም በጥር 13 ልናደርገው ነው። ያንን ጨዋታ በሬዲዮ የሰማ ሰው ዛሬ ከ70 ዓመት በላይ ነው። ተማሪዎቼ አሁን በየቤቱ አያቶቻቸውን እየጠየቁ ናቸው፤ በደጀን፣ በቢቸና፣ በሞጣ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በዳንግላ ያላችሁም ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ሳይመሽ ጠይቁልን፤ በየትኛው ሬዲዮ፣ በማን ቤት እንደሰሙት ጭምር።